የእማዬን ስልክ ላስተካከለችልን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

መገናኛ፣ ከታክሲ ተራው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለች። እዚያ የምትሠራው ልጅ የእማዬን ኮንታክት መልክ አስይዛልናለችና እግዜር ይስጥልን። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። ቁጥሯን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እማዬ የእድር ገንዘብ ያዥ ናት። ስልኳ ላይ የሌለ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ግማሹ ቁጥር ሲም ላይ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ፣ የቀረው ደግሞ ሻጩ በራሱ ፓስወርድ በከፈተላት ጂሜይል ላይ ነበር። ይሄ ነገር ስንቱን እንዳስለቀሰ ታውቃላችሁ። ስልኩ የተሰረቀ ቀን ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ ቁጥሩም በዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ጠይቄ "ሁሉንም ገልብጠን አምስት ደቂቃ ውስጥ እንጨርሳለን" ተብዬ ነበር። ይህቺ ግን ወንበር ስባ እማዬን አጠገቧ አስቀመጠቻት። "እማማ፣ እኚህን ሰው ሲያስቧቸው ቀድሞ ምናቸው ነው የሚመጣልዎት?" እያለች አንድ በአንድ ትጠይቃት ጀመር።

ስልኩ ላይ "ተስፋዬ"፣ "ተስፋዬ 2"፣ "ተስፋዬ አዲሱ" እና "ተስፋዬ እንዳይነሳ" የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። የመጨረሻው ማን እንደሆነ ስትጠየቅ እማዬ ሳቀች። "እሱ ደላላ ነው ልጄ፣ ቤቱን ሽጡ እያለ ነዝንዞ ሊገለኝ ነው!" እንዳለ ይቆይ ተባለ፤ ያገለግላላ። ሌሎቹ ግን "ተስፋዬ ቧንቧ"፣ "ተስፋዬ ቄራ"፣ "ተስፋዬ እድር" ሆኑ። ስልኩ የአባት ስም ይጠይቃል፤ እማዬ ደግሞ የምታውቀው የሰውዬውን ሰፈርና ሥራ ነው። ልጅቷ በእማዬ ልማድ ሄደች። በእኔ እምነት ባለሙያነቷ እዚህ ላይ ነው የታየኝ።

ጉግል "እነዚህ ተመሳሳይ ስለሆኑ ላዋህዳቸው?" ብሎ ሲጠይቅም ዝም ብላ እሺ አላለችም። ባልና ሚስት በአንድ ቁጥር ተመዝግበው ከሆነ አንድ ሰው አድርጎ ሊያቀርባቸው ይችላል። በሌላ በኩል ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው በ09ም በ07ም የሚጀምር ቁጥር ይዟል። እነዚያን በአንድ ስም ሥር አስገባቻቸው። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ተብላ ሁለት ጊዜ የተመዘገበችውን ጎረቤታችንንም፣ እማዬ ራሷ ስትፈልግ የምትጽፈውን ፊደል አስጽፋ አንድ አደረገቻት።

ሲም ላይ የነበሩት ስሞች መሀል ላይ የተቆረጡት ለምን እንደሆነም ያወቅኩት ከእሷ ነው። የአማርኛ ፊደል ሲም ላይ ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ይፈጃል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ስም አይገባም። ሁሉንም ወደ አዲስ ጂሜይል አዛወረች። ፓስወርዱን እማዬ ራሷ ስትጽፍ ስልኩን ወደ እሷ አዙራ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ማንም አላዘዛትም።

ከዚያ በ09 የሚጀምሩትን በሙሉ፣ የፊተኛዋን 0 በ+251 ቀየረችላቸው። እማዬ ዱባይ ያለችው እህቴ ጋ ስትሄድ ከእዚያ ለመደወል ትቸገር ነበርና ይሄን እኔም በጣም ነው የወደድኩላት።

የሞቱ ሰዎች ቁጥር ላይ ሲደርሱ እማዬ "እነዚህን እንዳትነኪብኝ" አለች። ልጅቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም። "ነፍስ ይማር" የሚል ምድብ ከፍታ ለብቻቸው አኖረቻቸው።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ቪሲኤፍ ፋይል (ኮንታክቶችን በአንድ ላይ የሚይዝ ፋይል ነው) አውጥታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጉግል ላይ በስህተት የጠፋ ቁጥር እስከ 30 ቀን ድረስ ከመጣያው ሊመለስ እንደሚችልም አሳየችን። የከፈልነው ከአንድ ስክሪን ፕሮቴክተር ብዙም አይበልጥም። ጉርሻ ብሰጣት አሻፈረኝ አለች፤ እማዬ ግን እጇ ውስጥ ጨምራላት ወጣች።

እንከኗን ልደብቅላት አልፈልግም፤ ቀርፋፋ ናት። መሀል ላይ ስክሪን የተሰበረበት ሰው ከመጣ ትታችሁ ወደ እሱ ትሄዳለች። ሱቋም ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ቅዳሜ ግፊያ ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። አሮጌውን ስልክና ሲም፣ ቻርጀርም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ ደግሞ ስልኩን ብቻ አትላኩ፤ ባለቤቱ ካልመጣ አትነካውም።