ንጽጽር፦ የቤትዎን የካርቦን አሻራ በምን ይለኩ?

የቤት ካርቦን አሻራ፣ ማለትም ቤተሰቡ በኑሮው ምክንያት ወደ አየር የሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ድምር፣ እናሰላለን የሚሉ ማስያዎችና መሣሪያዎች በዝተዋል። ነፃ አሉ፣ በወር የሚያስከፍሉ አሉ፣ ሶኬት ላይ የሚሰኩም አሉ። ከመክፈልዎ በፊት ማስያው ከእርስዎ የሚቀበለው ምን እንደሆነ ይዩ፦ ሊትርና ኪሎዋት ሰዓት ነው ወይስ ያወጡት ገንዘብ? ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማን እንደሠራውም ማየት አይከፋም፤ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. የአሻራ ማስያ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር።

በፍጆታ የሚያሰሉ

እነዚህ የቆጣሪ ንባብና የነዳጅ መጠን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ፍጆታውን ከአንድ ሊትር ወይም ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በሚወጣው ልቀት (ማባዣ ቁጥሩ ይህ ነው) ያባዛሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ናፍጣ ደግሞ 2.7 ያህል። በወር 60 ሊትር ቤንዚን የሚያነድ ቤተሰብ ከመኪናው ብቻ 138 ኪሎ ገደማ ይለቃል ማለት ነው። ነዳጅ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

ጣጣው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ፓነል (አይፒሲሲ) በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መካከለኛ ግምት መሠረት፣ ማመንጫው ከሚገነባበት ጊዜ ጀምሮ ሲሰላ፣ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 820 ግራም፣ ከውሃ የሚመነጭ 24 ግራም ልቀት አለው። በወር እኩል 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ሁለት ቤቶች ቢኖሩ፣ በከሰል የሚሠራው 164 ኪሎ ሲመዘገብበት የውሃው 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ፣ ቢያንስ አገርዎን እንኳ የማይጠይቅ ማስያ ዋጋ የለውም፤ ነፃም ቢሆን ይለፉት። ማባዣ ቁጥሩን ከነዓመቱ የሚያሳይ ይሻላል። የብሪታንያ መንግሥት የማባዣ ዝርዝሩን በየዓመቱ ያድሳል፤ የኃይል ምንጩ ስብጥር ሲቀየር የትናንቱ ቁጥር አይሠራምና።

በወጪ የሚያሰሉ

ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ስልክ፣ ሕክምና የመሳሰሉት ቆጣሪ የላቸውም፤ ለእነሱ ያለው አማራጭ በአብዛኛው ወጪን በዘርፉ አማካይ ልቀት ማባዛት ነው። ሰፊ ነው፣ ሻካራም ነው። አሥር ዓመት የሚያገለግል ውድ ካፖርት የገዛ ሰው፣ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ርካሽ ከገዛው የበለጠ በካይ ሆኖ ይወጣል። ዋጋ ሲንር ደግሞ ምንም ሳይጨምሩ አሻራዎ ያደገ ይመስላል። ለግዢዎ ጠቅላላ ግምት ከሆነ ይበቃል፤ ለነዳጅና ለመብራት ግን አይጠቀሙበት።

ከባንክ ሂሳብ ጋር የሚገናኙት መተግበሪያዎች የዚሁ ዘር ናቸው። ምንም አለመጻፍዎ ምቾት ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዩት የሱቁን ስምና የከፈሉትን ብር እንጂ ዘንቢልዎን አይደለም፤ የበሬ ሥጋና ምስር ለእነሱ አንድ ናቸው። ይህን ለማወቅ የገንዘብ እንቅስቃሴዬን ሁሉ ልክፈት ወይ? እኔ አልከፍትም።

ሶኬት ላይ የሚሰካ ቆጣሪ

ይህ በቀጥታ የሚለካው ኤሌክትሪክን ነው፤ ካርቦኑን ለማግኘት በማባዣ ቁጥሩ ማባዛት አለብዎት። የጋዝ ምድጃውን፣ መኪናውንና ምግቡን አያውቅም። የትኛው ዕቃ ብዙ መብራት እንደሚበላ ለማወቅ ግን የሚደርስበት የለም። ማቀዝቀዣ እየተነሣ እየጠፋ ስለሚሠራ የአንድ አፍታ ንባብ ያሳስታል፤ ለጥቂት ቀናት ተሰክቶ ይቆይና በድምሩ ይፍረዱ። ግድግዳ ውስጥ በቀጥታ የተገናኘ የውሃ ማሞቂያ ካለዎት ይህ አይረዳዎትም፤ በዋናው ማከፋፈያ ላይ የሚገጠም ዓይነት ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይግጠመው።

ከሌላ ቤት ጋር ማወዳደር ከፈለጉ

በሁለት ማስያ የተገኙ ሁለት ቁጥሮችን አያወዳድሩ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያዘጋጀው ማስያ የቤት ኃይልን፣ መጓጓዣንና ቆሻሻን ብቻ ነበር የሚያሰላው፤ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ኩልክላይሜት ምግብንና ግዢን ይጨምራል። ያው ቤተሰብ በሁለቱ የተለያየ ውጤት ያገኛል። በረራ ላይም ልዩነት አለ፤ አንዳንዱ ነዳጁን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ የሚያስከትለውን ተጨማሪ ሙቀት ጨምሮ ቁጥሩን እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። ከብቶች የሚያወጡትን ሚቴን የተባለ ጋዝ የማይጨምር ማስያ ደግሞ የሥጋ በሊውን አሻራ ያሳንሳል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል።

የነዋሪው ብዛትም አለ። ስድስት ሰው አንድ ማቀዝቀዣና አንድ አምፖል በጋራ ሲጠቀም የቤቱ ድምር ይከብዳል፣ የነፍስ ወከፉ ግን ይቀልላል፤ ብቻውን የሚኖረው ተቃራኒው ነው። ሁለቱንም ቁጥር የሚያሳይ ማስያ ይምረጡ።

ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ነፃ የፍጆታ ማስያ ነው፣ በዓመት ሙሉ ቆጣሪ ንባብ የተሞላ። መብራቱ የከበደበት የሶኬት ቆጣሪውን ይጨምር። ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠመዎት በሙከራ ጊዜው ሁሉንም እንዳለ ትተው የኤሌክትሪኩን ምንጭ ብቻ ይቀይሩ፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ገንዘብዎን ኪስዎ ያስገቡ።