ለልጅ የመጀመሪያ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፦ ከሱቅ የሚገዛው ተዘርጊ ወይስ ቀርከሃ?

ልጆቻቸውን ዓሣ ማጥመድ ለማስተማር የሚያስቡ የደብረ ብርሃን ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን፣ እንደ ራዲዮ አንቴና የሚዘረጋውንና የክር መጠቅለያ ያለውን ዘንግ ይግዙ ወይስ በቀርከሃ ይጀምሩ የሚለውን ነው። ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ በተለይም ሐሳባችሁ ውሎ አድሮ ባሌ ወስዳችሁ ትራውት የተባለውን ዓሣ እንዲያጠምድ ከሆነ፣ መልሴ ቀርከሃ ነው።

ከዋጋው ልጀምር። ባለፈው ዋጋ ስጠይቅ መጠቅለያ ያለው ተዘርጊ ዘንግ ከ3,000 ብር በታች አላገኘሁም፤ ሻጩ «ካርቦን ነው» ካለ ደግሞ 4,500 ብር ይጠራል። በአንጻሩ ሦስት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ 150 ብር፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክር 250 ብር፣ ዐሥር መንጠቆ 100 ብር፣ ክሩን የሚያሰምጥ እርሳስና የሚያንሳፍፍ ቡሽ ተጨምሮበት ሁሉም ከ600 ብር አልዘለለም። ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው ግን ልጁ ዘንጉን ሲሰብር ነው፤ ጀማሪ ልጅ ደግሞ መስበሩ አይቀርም። ቀርከሃው ሲሰበር ኪሳራው 150 ብር ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሰበረውን ጫፍ ቆርጦ ክሩን እንደገና ማሰር ይበቃል። ተዘርጊው ሲሰበር ግን የአንዱን ክፍል መለዋወጫ ለብቻው የሚሸጥ ሰው እስካሁን ስላላገኘሁ ሙሉው ገንዘብ ይጠፋል።

ለእህቴ ልጅ የተገዛው ተዘርጊ ዘንግ የታዋቂ ኩባንያ ስም የተለጠፈበት ነበር። መጀመሪያ ክሩ የሚያልፍበት የጫፉ ቀለበት ሙጫው ለቅቆ ወለቀ። ቀጥሎ የበሬሳ ወንዝ ደቃቅ አሸዋ በመገጣጠሚያው ገብቶ ክፍሎቹ ተጣበቁ፤ በጉልበት ለማላቀቅ ሲሞከርም አንደኛው ክፍል በቁመቱ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ካርቦን የተባለው ነገር ውስጡ ነጭ ፋይበርግላስ፣ ላዩ ጥቁር ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ስንጥሩም የልጁ መዳፍ ውስጥ ገብቶ በወረንጦ ነው ያወጣነው። ስለዚህ ይህን ዓይነት ዘንግ መግዛት ግድ የሚሆንበት ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የእጀታውን የታች ክዳን ፈትቶ የክፍሎቹን ውስጥ ይመልከት፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ፋይበርግላስ ነውና የካርቦን ዋጋ አይክፈል። የመጠቅለያውን እጀታም ክር ሳይኖርበት አሽከርክሮ ይስማው፤ ገና ሱቅ ውስጥ የሚንገጫገጭ ከሆነ ወንዝ ላይ አይሻለውም።

በባሌ ተራሮች እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች የሚገኘው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ሲሆን፣ ቀዝቃዛና ጥሩ የሚፈስ ውኃ ይወዳል፤ ራሱን ወደ ወራጁ አዙሮ ከድንጋይ ኋላ ይቆምና ውኃው የሚያመጣለትን ምግብ ይጠብቃል። ልጁ መማር ያለበትም ይህንኑ ነው፤ ከታች በኩል ጎንበስ ብሎ በዝግታ መቅረብ፣ መንጠቆውን ከድንጋዩ በላይ፣ ወራጁ ከሚመጣበት በኩል መጣል፣ ከዚያ መንጠቆው ላይ ያለው ትል ከውኃው ጋር ሲወርድ በዓይን መከተል። ጠበብ ባለ ወንዝ ለዚህ ሦስት ሜትር ዘንግና በቁመቱ ልክ የሆነ ክር ይበቃል። መጠቅለያ የያዘ ልጅ ግን ዓይኑ ከውኃው ይልቅ እጁ ላይ ይሆናል፤ የተወሳሰበ ክር ሲፈታም ቀኑ ይመሽበታል።

ቀርከሃ ስትገዙ የደጋውን ምረጡ፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለልጅ እጅ ይቀላል፣ የቆላው ግን ድፍን በመሆኑ ይከብዳል። ሸምበቆ ከሁለቱም ቢቀልም ሲደርቅ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ አልመክረውም። ቀርከሃው እርጥብ ከሆነ ከታች ድንጋይ አስራችሁበት ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይሰነጠቃል። ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አትቋጩት፤ ከእጀታው አስጀምራችሁ በዘንጉ ላይ እየጠመጠማችሁ ወደ ጫፉ አውጡት። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣው ከልጁ እጅ አያመልጥም።

የተዘርጊው ትልቁ ጥቅም ለጉዞ መመቸቱ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ባሌ ለሚሄድ ሰው ሦስት ሜትር ቀርከሃ አውቶቡስ ላይ መጫን በእርግጥ ያስቸግራል። እኔ ግን ቀርከሃውን መሐል ላይ ቆርጬ፣ ብረታ ብረት ቤት በ200 ብር ባሠራሁት አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ እንዲገጣጠም አድርጌዋለሁ፤ ይህም ተደምሮ ወጪው ከተዘርጊው ሲሶ እንኳ አይደርስም። ልጁ አድጎ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሮቢ ወንዝ ላይ አምባዛ ማጥመድ ሲያምረው፣ ያን ጊዜ መጠቅለያ ይገዛለት፤ አምባዛ ጉልበተኛ ስለሆነ ክር እየለቀቁ ማድከም ያስፈልጋል።

ከተረፈው ገንዘብ ጥሩ ክር ግዙ። ለትራውት 0.20 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል ይበጠሳልና ጫፉን ቋጥራችሁ በሁለት እጅ ሳትስቡ ዋጋ አትከራከሩ። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ እሾህም በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ጣት ውስጥ ቢገባ ያለ ሐኪም ይወጣል፣ ትንሹን ዓሣም ሳይጎዱ ለመልቀቅ ያስችላል። ባሌ ስትሄዱ ደግሞ ክሩን ከመጣላችሁ በፊት ስለ ማጥመጃ ፈቃድና ክፍያው ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።