ሰፊ ቦኮላ ያለው የስኖውሞቢል ፍሪሲዮን ሮለር፦ ያዋጣል?

በጉልበተኛ ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ) ፍሪሲዮን ውስጥ ቀድሞ የሚያልቀው ሮለሩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ቦኮላ (ሮለሩ የሚዞርበት ቀለበት) ነው። የፍሪሲዮኑ ክብደቶች (ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሩን የሚገፉ ክንዶች) ሲጫኑት ፔርኖው (በመሃሉ የሚያልፈው ዘንግ) ላይ ይላላል፤ ሮለሩ መዞር ትቶ ይንሸራተትና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ዙር የሚዋዥቀው ከዚህ የተነሳ ነው።

ይህ ኪት ቦኮላው ሰፊ ስለሆነ ጫናውን ይበትነዋል፤ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ፔርኖው ከተበላ ግን ሮለር ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ጥፍር የሚይዝ ጎድጎድ ያወጣ ክብደትም አዲሱን ሮለር ይበላዋል። 3ቱንም ሮለሮች አብረው ይቀይሩ፤ ከመፍታትዎ በፊት ክፍሎቹ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ አለዚያ ሚዛኑ ይዛባል።

ግሪስ? በፍጹም! የቺንጋውን ብናኝ ሰብስቦ ቦኮላውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ጉድለቱ፦ መመሪያው ስለ ማጥበቂያ ልክ አንዲት ቃል የለውም፤ ከስኖውሞቢሉ የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ።