አዲስ አበባ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፦ አዳማ ስላለ አንድ የብስክሌት ጥገና ቤት

ከሩቅ በብስክሌት ለሚመጣ ሰው አንድ ጥገና ቤት የሚመዘነው በመሣሪያው ብዛት ወይም በመደርደሪያው ሙላት አይደለም፤ ዛሬ ካልተሠራ መንገድ ላይ የሚያስቀረውን ብልሽት፣ አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላ ሊታይ ከሚችለው ለይቶ በማወቁ ነው። አዳማ ውስጥ ከወንጂ ማዞሪያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ ያለችው፣ በቆርቆሮ የተሠራችና ማስታወቂያ እንኳን ያልተሰቀለባት ጥገና ቤት፣ በዚህ መመዘኛ ከጅጅጋ ጀምሮ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለች ሆና አግኝቻታለሁ። ጉድለትም አላት፤ እሱንም አነሳዋለሁ።

ሐረርን፣ ቁልቢንና ጭሮን አልፎ፣ ወደ ሚኤሶ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ የአዋሽንና የመተሐራን ሙቀት ችሎ አዳማ የገባ ብስክሌተኛ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል፤ ስልክ የሚደውልለትም ሁሉ «እንግዲህ ደረስክ» ይለዋል። የቀረው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ግን በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም በኩል ቀስ በቀስ የሚወጣ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መሀል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የክፍያ ፈጣን መንገድ ብስክሌት ስለማያስገባ፣ ያለው ምርጫ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚመላለሱት ተሳቢዎች ጋር እየተጋፉ በአሮጌው መንገድ መሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበት በሚያልቅበት በዚህ የመጨረሻ ክፍል ላይ ፍሬኑም ጎማውም ከመቼውም ይልቅ የሚታመኑ ሊሆኑ ይገባል።

ብስክሌቴ አዳማ የደረሰው በኋላው ጎማ፣ በማርሹ በኩል፣ ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር ወጥረው ከሚይዙት ሽቦዎች፣ ማለትም ከራጂዎቹ፣ ሁለቱ ተሰብረው ቸርኬው ተወላግዶ ነው። በዚያ ወገን ያሉት የሽቦ ራጂዎች ከግራዎቹ ይበልጥ ስለሚወጠሩና ጭነቱም በአብዛኛው ከኋላ ስለሚያርፍ፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። ቀደም ብሎ በመንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ያሳየሁት ሠራተኛ የተወላገደውን ቸርኬ ትቶ፣ እንዳይነካው የኋላውን ፍሬን አላላልኝና «እስከ አዲስ አበባ ያደርስሃል» ብሎ ሸኘኝ። እንዲህ ያለው ሥራ ድምፁን ያጠፋል እንጂ ብልሽቱን አያጠፋም፤ ፍሬኑም ጉልበቱን ያጣል።

የአዳማው ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ብስክሌቱን ከመንካታቸው በፊት የጠየቁኝ «ስንት ኪሎ ሜትር ቀረህ ልጄ? ስንት ኪሎስ ጭነሃል?» ብለው ነበር። ከዚያም ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን እያሽከረከሩ፣ እጃቸውን አግዳሚው ላይ አስደግፈው አንድ ስባሪ ጠመኔ ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ቸርኬው በተወላገደበት በኩል ብቻ ነጭ መስመር ቀረ። ቀጥለው ራጂዎቹን እንደ ክራር አውታር አንድ በአንድ እየነኩ ድምፃቸውን አዳመጡና «የተሰበሩት ሁለት ናቸው፣ ጓደኞቻቸው ግን ላልተዋል፤ ሁለቱን ብቻ ቀይሬ ብሰድህ ሞጆ ላይ ሌሎቹ ይከተላሉ» አሉኝ።

የኋላውን ጥርስ ፈትተው ኩሽኔታውን አጥበው ግራሶ ከቀቡ በኋላ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አሮጌ ጎማ ርዝመታቸው ከእኔ ጋር እኩል የሆኑ ራጂዎችን ለክተው አወጡ። የራጂው ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ የውስጥ ጎማውን እንዳይበሳ ትርፉን በሞረድ አስተካከሉት፤ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ እምብዛም አይገኝም። ፍሬኑም ቸርኬው ከተቃና በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የበለጠ ያስገረመኝ ግን ያልሠሩት ሥራ ነው። ካቴናው እንዲቀየርልኝ ብጠይቅ፣ ማስመሪያ አምጥተው የ24 ማያያዣዎችን ርዝመት ለኩ። ይህ ርዝመት በአዲስ ካቴና 30.48 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሲጨምር ካቴናውን መቀየር ይገባል። የእኔው ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ረዝሞ ነበር። በዚህ ደረጃ የኋላው ጥርስም አብሮ ስለሚበላ፣ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ቢገባ ዳገት ላይ ሲረገጥ እየዘለለ ያስቸግራል። «አብረው ያረጁትን አብረው ሂዱ በላቸው፤ አዲስ አበባ ስትደርስ ሁለቱንም ቀይር» ብለው፣ መደርደሪያቸው ላይ የነበረውን ካቴና ሳይሸጡልኝ በዘይት ብቻ ሸኙኝ። ሽያጭ ቢቀርባቸውም ትክክለኛውን የሚናገሩ ባለሙያዎች ቢበዙ መልካም ነበር።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ፣ ዋጋ አስቀድሞ አይነገርም። የተጠየቅኩት ገንዘብ ለተሠራው ሥራ የሚያስቆጭ ባይሆንም፣ ብስክሌቱ ከተፈታ በኋላ ሰው ለመደራደር አቅም አይኖረውምና አሠራሩ ሊታረም ይገባዋል። ደረሰኝም የለም። ከወንጂ በኩል የሚመጡ ደንበኞች ብዙ ስለሆኑና አጫጭር ሥራዎች ስለሚቀድሙ፣ የእኔው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቷል፤ መቀመጫውም አንዲት ዱካ ብቻ ናት፣ እሷም ፀሐይ ላይ። መለዋወጫን በተመለከተ፣ የውጭ ጎማ የሚፈልግ ሰው በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር አስቀድሞ ይመልከት፤ ለተራራ ብስክሌት የሚሆነው 559 እና ለትልልቆቹ የቻይና ብስክሌቶች የሚሆነው 635 ተሰቅለው ያየሁ ሲሆን፣ የእኔ ዓይነቱ 622 ግን አልነበረም። ይህ ልክ ያለው ሰው መጠባበቂያውን ይዞ ይምጣ።

ቸርኬው ሳይወላገድ፣ አንድም ራጂ ሳይበጠስ ቃሊቲ ገብቻለሁ። ካቴናውም ከዱከም በኋላ ባለው ዳገት ላይ ቢንጫጫም አልዘለለም፤ አዲስ አበባ ከጥርሱ ጋር አብሮ ተቀይሯል። ወደዚያች ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት በማለዳ ቢደርስ ተራው ቶሎ ይደርሰዋል፤ ብስክሌቱ ከመገልበጡ በፊት ዋጋውን ቢጠይቅ ደግሞ ባለሙያው ቅር የሚላቸው ሰው አይደሉም።