«ካዝና በርካሽ እንከፍታለን» ለሚሉት ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

ድሬዎች፣ ሐረሮችም ጭምር፣ ቤታችሁ ውስጥ ቁጥሩ የጠፋበት የቆየ ካዝና ካለ ይቺን ሳታነቡ ማንንም አትጥሩ። «ካዝና እንከፍታለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ በየምሰሶው ተለጥፏል። ሥራው ራሱ ነውር የለውም። ግን ከሚለጥፉት መካከል ብረት መቁረጥ እንጂ ካዝና መክፈት የማያውቁ አሉ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዋጋ ሲጠየቅ ቆራጩ ይረክሳል። ቀሪውን ሒሳብ የሚያመጣባችሁ በሩ ከተፈነቀለ በኋላ ነው።

ከዚራ፣ እኛው ሠፈር፣ አንዲት ባልቴት እናት አሉ። ባለቤታቸው ድሮ ሱቁን ሲገዙ ካዝናው ከነቁጥሩ አብሮ ተሰጣቸው። ቁጥሩን ለማንም ሳይናገሩ አረፉ። ውስጡ ያለው የቤት ካርታ፣ የቆዩ ውሎች፣ የልጆቹ የልደት ወረቀትና ጥቂት ማርትሬዛ (የድሮው የብር ሳንቲም) ነው። ልጃቸው ካርታውን ለጉዳይ ስለፈለገው ምሰሶ ላይ ያለው ቁጥር ተደወለ። ሰውዬው ረፋድ ላይ ድሪልና መዶሻ ይዞ ከች አለ።

«እናቴ፣ ይሄ ቀላል ነው። ከምሳ በፊት ከፍቼልሽ እሄዳለሁ» አላቸው። («አንቺ» ማለቱ አይግረማችሁ፣ ድሬ ነው።)

«ልጄ፣ ውስጡ ወረቀት ነው ያለው። እንዳታበላሽብኝ።»

«አቦ አታስቢ! የስንቱን ከፍቻለሁ።»

ቀብድ ተቀበለ። ቁጥር የተጻፈበትን መዘውር በመዶሻ መትቶ ጣለው። መሐሉ ላይ የቀረውን ዘንግ ወደ ውስጥ መታው። በሩ ንቅንቅ አላለም። «ሌላ ምላስ ወጥቶ ቆለፈ፣ ሥራው ከበደ» ብሎ ዋጋውን እጥፍ አደረገው። የሰጡት ቀብድ እንዳይቀልጥ ብለው እሺ አሉ። ከዚያ የጋዝ መቁረጫ አመጣና ጀርባውን በእሳት ከፈተው። ካርታው ጠርዙ ከስሎ፣ መሐሉ ቡና መስሎ ወጣ። አንዳንዱ ውል ሲነካ ይረግፋል። በመጨረሻም «ይሄ ከእንግዲህ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ቀሪ ሒሳቤን ተይውና ሣጥኑን ላንሳልሽ» ብሎ በአይሱዙ ጭኖት ሄደ። ሣጥኑ ኋላ የት እንደታየ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ያቺ «ሌላ ምላስ ወጣ» የምትለዋን ነገር እንያት፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። ሰውዬው አልዋሸም። ብዙ ካዝና ውስጥ በስፕሪንግ ተወጥሮ የሚጠብቅ መጠባበቂያ ምላስ አለ። ሌባ መዘውሩን ሰብሮ ቁልፉን ወደ ውስጥ ሲመታው ይህ ምላስ ተስፈንጥሮ በሩን ዳግም ይቆልፋል። የተሠራው ለዚሁ ነው። እናም ሥራውን ያከበደው ካዝናው ሳይሆን የመጀመሪያው የመዶሻ ምት ነው። ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ መዘውሩን አይመታም። የማያውቀው ደግሞ ራሱ ላበላሸው ዋጋ ይጨምርባችኋል። ስለዚህ መዶሻ ይዞ ወደ መዘውሩ የሚጠጋ ሰው ካያችሁ ወዲያው አስቁሙት። ቀብዱ ቢቀር ይሻላል።

እሳቱም እንደዚያው ነው። የቆየ ካዝና ግድግዳው ወጥ ብረት አይደለም። በሁለት ብረት መካከል ጂፕሰም፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ የመሰለ ነገር ተሞልቷል፤ ቤት ሲቃጠል ወረቀቱን እንዲያድን። አንዳንዱ ላይ አስቤስቶስ አለበት። አስቤስቶስ ማለት ብናኙ ሳንባ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። በዝግ ክፍል፣ ልጆች ባሉበት፣ በግራይንደር ጀርባውን ማስቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጋዝ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ወረቀቱን ያከስላል። ወረቀት ለመቃጠል ነበልባል እስኪነካው አይጠብቅም።

«እየሞከርኩ አገኘዋለሁ» የሚልም አለ፤ ይኼኛው በቀን ሒሳብ ነው የሚሠራው። እስቲ እናስላው። መዘውሩ ላይ ከ0 እስከ 99 ድረስ 100 ቁጥር አለ። ውስጡ ሦስት ዲስክ ካለ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ነውና፣ አማራጩ 1,000,000 ይሆናል። ለአንዱ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ ብትሰጡት፣ ሳይበላ ሳይተኛ 347 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። እርግጥ ቁልፉ የአንድ ሁለት ቁጥር ስህተት ስለሚታገስ ልኩ በጣም ይቀንሳል። ቢሆንም በእጅ ተሞክሮ የሚያልቅ አይደለም።

እውነተኛው ባለሙያ ሌላ መንገድ አለው። እያንዳንዱ ዲስክ ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ሦስቱም ቁራጮች ሲገጥሙ ከላይ ያለችው ትንሽ ዘንግ ትወድቅና ምላሱ ይለቃል። ዲስኮቹ ግን ፍጹም እኩል ሆነው አይሠሩም። ሰውዬው መዘውሩን በጣም በዝግታ እያዞረ፣ ዘንጓ የምትነካበትን ነጥብ በጣቱና በዓይኑ እየለየ፣ ቁጥር በወረቀት ላይ ይመዘግባል። ጆሮ ላይ የሚደረገው የሐኪም ማዳመጫ ይበልጡን የፊልም ነገር ነው። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፣ ሲከፈት ግን አንድ ጭረት የለበትም። ይህ እንቢ ካለ ጣት እንኳ የማያስገባ ቀዳዳ ልክ ቦታው ላይ ይበሳና በቀጭን ካሜራ ዲስኮቹን አይቶ ይገጥማቸዋል። ኋላ ቀዳዳውን በጠንካራ ብረት ይደፍነዋል። ካዝናው ነገም ካዝና ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ብትከፍሉ አልተበላችሁም። እዚህ ካጣችሁት አዲስ አበባ ድረስ አጠያይቁ፤ ለመቶ ዓመት ካዝና የአንድ ሳምንት መዘግየት ምንም አይደለም። ከምሳ በፊት ጨርሶ ወደ በርጫው ሊሮጥ የሚፈልግ ሰው ግን ይህን ሥራ አይችለውም።

ማንንም ሳትጠሩ በፊት ደግሞ ቁጥሩን የምታውቁት ከሆነ ራሳችሁ ሞክሩት። «ቁጥሩ አለን ግን እንቢ አለ» የሚል ሰው ሞልቷል። በተለመደው ባለ ሦስት ቁጥር መዘውር አዟዟሩ እንዲህ ነው፦ ወደ ግራ እያዞራችሁ የመጀመሪያው ቁጥር ለአራተኛ ጊዜ ምልክቱ ላይ ሲመጣ ቁሙ። ወደ ቀኝ ሁለተኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ እንደገና ወደ ግራ ሦስተኛው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ። ከዚያ እስኪቆም ድረስ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ። ቁጥሩን ካለፋችሁት ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ከመጀመሪያው ነው። አንዳንዱ ካዝና አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ስለሆነ እንደዚያም ሞክሩ። ያረጀ ቁልፍ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ሊዛነፍ ስለሚችል ከላይም ከታችም ያለውን ቁጥር ሞክሩ። መዘውሩ ዙሪያ ሁለት ምልክት ካለ አናቱ ላይ ያለው ነው የመክፈቻው፤ ወደ ጎን ያለው ቁጥር ለመቀየር ነው። እጀታውንም በሌላ እጃችሁ ወደ መዝጊያው ያዝ አድርጉት፣ በሩ ምላሱን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ባዶውን የተገዛ ከሆነ በሦስቱም ቦታ 50ን ወይም 10፣ 20፣ 30ን መሞከር አይከፋም። ከፋብሪካና ከሻጭ እንደዚያ ተስተካክለው የሚወጡ አሉ። የቆዩት የፈረንሳይ ካዝናዎች ደግሞ በአንድ መዘውር ፈንታ ፊደል ወይም ቁጥር ያለባቸው አራት ትናንሽ መዘውሮች ከነቁልፋቸው ሊኖራቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ላይ ቁጥሩ የባለቤቱ የሚስት ወይም የልጅ ስም፣ አራት ፊደል ሆኖ፣ ሊሆን ይችላል።

ዘይት ግን አትርጩበት። ብዙ ቁልፍ ሠሪ ነኝ ባይ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። የድሬ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ዲስኮቹን ያጣብቃቸዋል፣ ትክክለኛው ቁጥር ቢገኝ እንኳ አይታዘዝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሁሉ የምጠላው «ክፍያ አልፈልግም፣ የተገኘውን ግማሽ በግማሽ» የሚለውን ነው። ይህች ከተማ ለእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ትመቻለች። ባቡሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬ ሲደርስ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኒው ተከትሎ መጥቶ ነገደ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙው አገር ለቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያልተከፈተ ካዝና በታየ ቁጥር «ግሪኩ ወርቁን ትቶ ነው የሄደው» ይባላል። እስቲ ወርቅ ያለው ሰው ወርቁን ትቶ ምን ይዞ ይሄዳል? ወረቀት ብር ቢገኝም ለባንክ አይሆንም። የንጉሡ ዘመን ኖት በ1969 ዓ.ም. ተቀይሯል። ከዚያ በኋላ የነበሩት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችም በ2013 ዓ.ም. ተተክተዋል። ማርትሬዛ ከተገኘ የተሠራበት ብር ራሱ ዋጋ አለው፣ ግን «1780 ተጽፎበታልና ጥንታዊ ነው» ብሎ የሚያጋንንላችሁን አትመኑ። ኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 ነው የሚለው። ግማሽ በግማሽ የተዋዋለ ሰው ደግሞ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይናደዳል፣ ሞልቶ ሲያገኘው ይጣላል። እናንተ ከክፍሉ ወጥታችሁ እንድትጠብቁ የሚፈልገውም እሱ ነው።

ከክፍሉ አትውጡ። የተዘጋ ካዝናም ከቤት አይውጣ። «ጋራዣችን ወስደን እንከፍተዋለን» የሚል ሰው እዚያ ሲከፍተው ምን እንዳገኘ በምን ታውቃላችሁ? ጁገል፣ የሐረር ግንብ፣ ውስጥ መኪና በማይገባበት መንገድ ለሸክም የሚወጣውን ጨምሩበት፤ ብዙ መቶ ኪሎ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ አንድ ገጽ ይበቃል። በምን ዘዴ እንደሚከፍት፣ ዘዴ ቢቀይር አስቀድሞ እንደሚያስፈቅድ፣ እሳትና መዶሻ እንደማይጠቀም፣ ካልከፈተ ምን እንደሚከፈለው፣ ከተከፈተ በኋላ ሣጥኑ የማን እንደሆነ ይጻፍ። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ቀብድን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግልጽ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ትንሽ ቀብድ ብቻ ስጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ስለ አገልግሎቱ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰባችሁ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ የምታሳዩት ነገር የለም። ጥሩ ባለሙያ በበኩሉ «ካዝናው ያንተ ለመሆኑ ማስረጃ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አትቆጡት። የማይጠይቀው ነው የሚያስፈራው፣ ነገ የእናንተንም ለሌላ ሰው ይከፍታል።

እንግዲህ ያ «ቁርጥራጭ ብረት» ተብሎ የሄደው ሣጥን። ለቆራሌው አልተሸጠም። ልጃቸው ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አየው። ጀርባው ተበይዷል፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ በመዘውሩ ቦታ ርካሽ ቁልፍ ገብቶለታል። «ኦሪጅናል የፈረንሳይ፣ እሳት የማይበግረው» ተብሎ ደህና ገንዘብ ተጠርቶበታል። የፋብሪካው ስም የተጻፈበት የነሐስ ሳህን እዚያው በሩ ላይ አለ፣ ያቺን አልነኳትም። ዋጋ የምታወጣው እሷ ናትና።

ስለዚህ የምትገዙም ተጠንቀቁ። ሲቆረጥ መሙያው ይረግፋል፣ ስትበይዱት አይመለስም። እንዲህ ያለ ሣጥን እሳት ላይ ከቁም ሣጥን አይሻልም። ጎኑንም ጀርባውንም በጣት አንጓ አንኳኩ። የሞላው ድፍን ይላል፣ የረገፈው ባዶ በርሜል ይመስላል። አዲስ ቀለም የተቀባበትን ጠርዝ በእጃችሁ ዳብሱ፤ የብየዳ መስመር ቢሞረድም እብጠቱ አይጠፋም። በሩን ክፈቱና የውስጡን ጀርባ በስልክ መብራት እዩ፣ እሳት የነካው ብረት ይጠቁራል። ሻጩ «ከባድ ነው፣ ከግድግዳው አላላቅቅም» ካላችሁ አትግዙት።