ለዲጂታል የስልክ መስመር የትኛው ራውተር ይሻላል? አይኤስዲኤን፣ ኤዲኤስኤል2+ እና ቪዲኤስኤል2

ዋጋና ዋይፋይ ከማወዳደርዎ በፊት ግድግዳው ላይ የሚደርሰው መስመር ምን ዓይነት እንደሆነ አገልግሎት ሰጪውን ይጠይቁ። አይኤስዲኤን የቆየው ዲጂታል የስልክ መስመር ነው፤ ኤዲኤስኤል2+ እና ቪዲኤስኤል2 ደግሞ በስልክ ሽቦ ፈጣን ኢንተርኔት የሚያመጡ የዲኤስኤል ዓይነቶች ናቸው። ሦስቱም በመዳብ ሽቦ ቢመጡም፣ ለአይኤስዲኤን ብቻ የተሠራ ራውተር በኤዲኤስኤል መስመር ላይ ምንም አይሠራም።

መደበኛ አይኤስዲኤን እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት በሰከንድ የሚያስተላልፉ ሁለት ቻናሎች አሉት። ሁለቱን አጣምሮ 128 ኪሎቢት ለማግኘት ራውተሩ መልቲሊንክ ፒፒፒ የሚባለው ቻናሎችን የማጣመሪያ ዘዴ ሊኖረው ይገባል። ቀጥሎ ሶኬቱን ይመልከቱ። «ዩ» የተጻፈበት በቀጥታ ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር ይገናኛል፤ «ኤስ/ቲ» ከሆነ ግን በመካከል ኤንቲ1 የሚባለው፣ የድርጅቱን መስመር ከቤት መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን ያስፈልገዋል። በአውሮፓ ሳጥኑን የስልክ ድርጅቱ ስለሚያስገባ «ኤስ/ቲ» ይገዛል፤ በሰሜን አሜሪካ የደንበኛው ድርሻ ስለሆነ «ዩ» ይመረጣል። ትልቁ ኪሳራ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። አይኤስዲኤን ራውተር ኢንተርኔት የሚያገኘው እንደ ስልክ በመደወል ነው፤ ክፍያው በደቂቃ ከሆነ፣ ኮምፒውተሮች በየጊዜው የሚልኩት የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ አድራሻ ፍለጋ) ጥያቄ ወይም የሰዓት ማስተካከያ ራውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሊያስደውለው ይችላል። የትኛው ፓኬት (የዳታ እሽግ) መስመር እንዲያስከፍት የሚወስን ማጣሪያና ሥራ ሲቆም ጥሪውን የሚዘጋ ሰዓት ቆጣሪ የሌለውን ራውተር አይግዙ።

ኤዲኤስኤል2+ በሰከንድ እስከ 24 ሜጋቢት ያወርዳል። እዚህ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ራውተሩ ለየትኛው መስመር እንደተሠራ በሚያመለክተው የአኔክስ ፊደል ነው፦ አኔክስ ኤ ለተራ ስልክ መስመር፣ አኔክስ ቢ ደግሞ አይኤስዲኤን ለሚሄድበት መስመር ነው። አኔክስ ቢ የታችኛውን ድግግሞሽ ለአይኤስዲኤን ለቆ ከ138 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። ፊደሉ ካልገጠመ የዲኤስኤል መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል፤ ቅንብር በመቀያየር ብቻ የሚድን ችግር አይደለም። ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ከሥሩ ያለውን የሞዴል ጽሑፍ ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ። ራውተሩ ከመስመሩ ጋር እንዲገናኝ ቅንብሩ ላይ የሚሞሉትን የቪፒአይና የቪሲአይ ቁጥሮችንም ከአገልግሎት ሰጪው ይቀበሉ። በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኙበት ዘዴ) ኤምቲዩው፣ ማለትም የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከ1492 ባይት ከበለጠ አንዳንድ ገጾች አልከፈት ሊሉ ይችላሉ። ስልክ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የስልኩን ድምፅ ከዲኤስኤሉ ምልክት የሚለይ ማጣሪያ ያልተገጠመለት ስልክ ነው።

ቪዲኤስኤል2 ለአጭር ሽቦ ነው። ከ1.5 ኪሎሜትር በኋላ በኤዲኤስኤል2+ ላይ ያለው ብልጫ ይመናመናል። ወደ ኤዲኤስኤል2+ የሚመለስና፣ ድርጅቱ ቬክተሪንግ (ጎን ለጎን ባሉ ሽቦዎች መካከል ያለውን መረባበሽ የሚቀንስ ዘዴ) የሚጠቀም ከሆነ እሱንም የሚደግፍ ይምረጡ።

ዲኤስኤል በሚደርስበት ቦታ ለኢንተርኔት ብሎ አይኤስዲኤን ራውተር መግዛት አያዋጣም። በሌለበት ቦታም ቢሆን፣ ብዙ ድርጅቶች አይኤስዲኤንን ስለዘጉ ወይም እየዘጉ ስለሆነ መስመሩ የሚቆይበትን ጊዜ ከግዢው በፊት ያረጋግጡ።