የልብ ደም መልስ ቫልቮች፦ ሲቲ ወይስ ቬኖግራፊ?

ኮሮናሪ ሳይነስ (ከልብ ጡንቻ የሚመለሰውን ደም የሚሰበስበው ትልቅ ደም መልስ) አፍ ላይ ቴቤዢያን የሚባል ስስ ቫልቭ አለ፤ ገባ ሲሉ ደግሞ የቪዩሰንስ ቫልቭ። ሁለቱም የፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ሽቦ ወደ ግራ ልብ ለሚያደርስ ሐኪም መንገድ ሊዘጉ ይችላሉ።

ቬኖግራፊ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ገብቶ፣ ባሉን ነፍቶ በኤክስሬይ የሚታይ ቀለም ይረጫል። ሥሮቹን አጥርቶ ያሳያል። ችግሩ፣ የመግቢያው ቫልቭ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ካቴተሩ አልገባ ሲል ነው። ያኔ ታካሚው አልጋ ላይ ነው!

በሲቲ (የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ በሚያነሳ ማሽን) ቀለሙ በክንድ ይሰጣል፤ ምስሉ ከልብ ምት ጋር ተናቦ ይነሳል። ወሳኙ ሰዓቱ ነው። ለአርተሪ (ለደም ቅዳ) በታሰበው ቅጽበት ከተነሳ ቀለሙ ደም መልሱን ገና በደንብ አይሞላውም፤ ጥቂት ሰከንድ መዘግየት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በጣም ስሱ ቫልቭ ሊያመልጥ ይችላል። ጨረር አለው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ቀለሙም ያሳስባል።

ለሁሉም ታካሚ ሲቲ ይነሳ አልልም። የመጀመሪያው ሙከራ ለከሸፈበት ግን ከሁለተኛው በፊት ሲቲን እመርጣለሁ።